የተናገርከው ጠፍቶ የወለድካት ተረፈች

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ካምፕ ሳለሁ የምጽፍልህ ደብዳቤ ሁሉ ጤናህን በመጠየቅ ነበር የሚጀምረው። አሁን ያ ስለማይሆን፣ ጉልበትህን አያምህም ብዬ ልጀምር። ድሮም አያምህም ነበር። ይህን በጊንጪ ከእኔና ከእማዬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህ ደብዳቤ ግን ለሌላ ሰው ጆሮም እንዲደርስ ስለምፈልግ ሁሉንም ከሥሩ እናገራለሁ። ስለ አንተ ሲወራ እንደማትወድ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ከብቶቹን ልይ ብለህ ተነስተህ ትወጣ ነበር። ዛሬ ግን የምትወጣበት የለህምና ታዳምጠኛለህ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ካፖርትህን ለማንም አልሰጥም ስትል ከርማ ባለፈው ክረምት በአንተ ቦታ ለተቀጠረው የደን ዘበኛ ሰጠችው። ሰውየው አጭር ስለሆነ ካፖርቱ መሬት ይጠርጋል፤ ወደ ጭልሞ ደን ሲወጣ ባየሁት ቁጥር ሳቄ ይመጣና መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ይዞርብኛል። የኩሽናውን ቆርቆሮ አድሰናል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ አሁንም እንደ ድሮዋ ከእማዬ በቀር ማንንም አታሳልብም። እኔ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ታይፒስትነቴን ይዣለሁ። አላገባሁም። እማዬ በዚህ ታጉረመርማለች እንጂ አታስገድደኝም።

አገሩም እንዳየኸው አይደለም። መንግሥት ወድቋል፣ ወታደሩም ተበትኗል። ለብዙ ቀናት በአምቦ መንገድ እግረኛ ወታደር ሲያልፍ ሰነበተ፤ ጫማ የሌለው፣ ማዕረጉን ከትከሻው ላይ ቀዶ የጣለ፣ ለመነኝ እንዳይሉት አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ። እማዬ በር ላይ እንስራ አስቀምጣ ውሃ ስታጠጣቸው ዋለች። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከጓዳ አልወጣሁም። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ ሌላው ሰው ግን አያውቅም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ታይፕ የተማርኩ ጊዜ ጦሩ የጽሕፈት ሠራተኞች ይቀጥር ነበር። አንተም እማዬም ደስ አላችሁ። የደንብ ልብሴን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ከአልጋህ በላይ ሰቀልከው። እንግዳ ሲመጣ «ሌሊሴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት» ትላለህ እንጂ ወታደር ናት አትልም ነበር፤ ጠመንጃ ያስያዟት እንዳይመስላቸው ፈርተህ ነው። እኔ የያዝኩት የጽሕፈት መኪና ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ሥራዬን ወድጄ ሠራሁ፤ ለቤትም ከደመወዜ ከፍዬ እልክ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የክፍላችን አለቃ የነበረው ሻምበል፣ አስቸኳይ ሪፖርት አለ ብሎ እኔን ብቻ ቢሮ አስቀረኝ። በሩን ቆለፈው። ስሙን አልጽፈውም። የሆነውንም አልዘረዝረውም፤ ለአንተም አልዘረዘርኩልህም፣ አንተም አልጠየቅከኝም። አንድ ነገር ግን መጻፍ አለብኝ፤ አልጮህኩም። እጄም እግሬም አልታዘዝ አሉኝ፤ አፌ ደረቀ። እሱ ቀበቶውን እያጠበቀ፣ «ባትፈልጊ ኖሮ ትጮሂ ነበር» አለኝና በሩን ከፈተልኝ፤ ወጣሁ። ይህች ቃል ከተደረገብኝ ነገር እኩል አመመችኝ። እውነቱን ነው እንዴ እያልኩ ራሴን ስመረምር ወራት አለፉ። በሚቀጥለው ሰኞ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ እሱ የሰጠኝን ወረቀት ታይፕ አደረግኩ።

ለዓመት ፈቃድ ወደ ቤት ስመጣ የነበርኩት ልጅ አልነበርኩም። በቀን ሦስት ጊዜ ገላዬን እታጠብ ነበር። በር ሲዘጋ እደነግጣለሁ፤ ሰው ከኋላዬ ሲመጣ እጄ ላይ ያለው ዕቃ ይወድቃል። እማዬ የቆላ ወባ ነው ብላ ነጭ ሽንኩርት ስታበላኝ ሰነበተች። አንተ ደግሞ አትቆጣኝና፣ ካምፑ ጨዋ አደረጋት፣ ድምፅዋ እንኳ አይሰማም ብለህ ለጎረቤት ስታመሰግነኝ ሰምቼሃለሁ።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች መጡ። ሻምበሉ አምቦ አጠገብ ዘመድ ነበረው፤ በዚያ በኩል ላከ። መሪያቸው ኦቦ ቶለሳ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት አብረሃቸው የኖርክ ወዳጅህ፣ በጸሎት ቤቱም አብረሃቸው የምትሸመግል ጓደኛህ። ጠዋት በራችን ላይ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ፤ እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም አሉ። መኮንን ነው፣ ደመወዝተኛ ነው፣ ልጃችሁን አይቶ ወዷታል አሉ። አንተም እንደ ወጉ ልጄን ልጠይቅ፣ ዘመድ ላማክር ብለህ በሳምንቱ ቀጠርካቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ስሙን ስሰማ ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ። አሁን ሳስበው የላከበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከተጋባን በኋላ ማን ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ነገሩ በሠርግ ይሸፈናል።

እማዬ መጥታ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ማታ ደግማ ጠየቀችኝ፤ አሁንም ዝም። በእኛ አገር ልጃገረድ ለእንዲህ ያለ ነገር አፍዋን ሞልታ እሺ አትልም፤ አንገቷን ትደፋለች፣ ያም እሺታ ተብሎ ይወሰዳል። እማዬ ሄዳ አፍራለች አለችህ። አንተም በሳምንቱ ለሽማግሌዎቹ እሺ አልካቸው፤ ተቀመጡ፣ በሉ፣ መረቁ። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ በአሥራ አምስት ቀን ተቃጠራችሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሰው አልዋሸም፤ ሁላችሁም ወጉን ነው የተከተላችሁት። እኔ ግን እየሰመጥኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም አትረሳውም። ምሳህን ይዤ ወደ ጭልሞ የመጣሁ ቀን፣ ማገዶ ሊጭን የመጣ የወታደር መኪና በደኑ መንገድ ብቅ አለ። ሁለት ወታደሮች ከላይ ሆነው ሰላም አሉኝ፤ ሌላ ያሉኝ ነገር የለም። ምሳውን ጥዬ ሮጥኩ። ስታገኘኝ አንድ የዝግባ ግንድ ሥር ተኮራምቼ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ልትነካኝ እጅህን ዘረጋህና ስሸሽ አየህ። እጅህን መለስክ። ትንሽ ራቅ ብለህ ሄድክና ጀርባህን ሰጥተኸኝ ተቀመጥክ።

«ሂን ሶዳቲን» አልከኝ፤ አትፍሪ ማለትህ ነው። «አባት እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም ይባላል። እኔ አልሰማም፤ እዚያ ማዶ ያለውን ዛፍ ነው የማየው። አንቺ ለዛፉ ንገሪው፤ ዛፉ የመንግሥት ነው፣ የትም አይሄድም።»

በዚያ ሰዓት እንኳ ትቀልዳለህ። እኔም ለዛፉ ነገርኩት። ስጀምር ፀሐይዋ ከራስ በላይ ነበረች፤ ስጨርስ የዛፎቹ ጥላ ረዝሟል። አንድ ጊዜም ዞር አላልክም። ትከሻህ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ፤ አባቴ ሲያለቅስ ከኋላው በኩል ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ጀርባህን እንደሰጠኸኝ ያልከኝን እስክሞት እይዘዋለሁ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ያ ሰውዬ ስላልጮህሽ ፈቀደች አለ። እኔም ዝም ስላልሽ ፈቀደች ብዬ ሰጠሁሽ። ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ሰው መሆን አልፈልግም። ይቅር በይኝ።» አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለእማዬ ልንገራት ወይስ ልተው ብለህም ፈቃዴን ጠየቅከኝ፤ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ንገራት አልኩህ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስለ ራሴ ጉዳይ ፈቃዴን ጠይቆ መልሴን የጠበቀ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። እማዬ መቀመጫ ደርድራ ነበር። አንተ ግን በር ላይ ጠበቅካቸው፤ እነሱን አስቀምጠህ ራስህ ቆምክ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ልጄን አልሰጥም፣ ቃሌን አጥፌአለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ አልካቸው። ኦቦ ቶለሳ መጀመሪያ የምትቀልድ መሰላቸው። ቀጥሎ ሌላ ሀብታም አግኝተህ ነው አሉህ። ዝም ስትላቸው ጊዜ ተነስተው በዱላቸው መሬቱን መቱና፣ «አንተ ሰው፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማህም?» አሉህ።

«ሰምቻለሁ ቶለሳ» አልካቸው። «ብዙ ጊዜ ለሰውም ተናግሬዋለሁ። ዛሬ ግን የወለድኳት አትጠፋም፤ የተናገርኩት ይጥፋ።»

እኔ ጓዳ ውስጥ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እነሱ ሲወጡ አንድም ሰው ደህና ዋል አላለህም።

ከዚያ አምቦ ሆስፒታል ወሰድከኝ። ምን ብለን እንደምንጠይቅ ሁለታችንም አናውቅም ነበር፤ ካርድ ክፍሉ ምንዋን ነው የሚያማት ሲልህ፣ አንተ ትንሽ አሰብክና «ድንጋጤ» አልክ። ከዚያ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሲስተር ብዙነሽ እጅ ላይ የጣለን እግዚአብሔር ይመስገን። በሩን ክፍት ልተወው ወይስ ልዝጋው ብላ ጠየቀችኝ፤ ገርበብ በይው አልኳት። ከምርመራው በኋላ ያስረዳችኝ ነገር ቀላል ነበር። ሰው በጣም ሲደነግጥ ሰውነቱ ወይ ይሮጣል፣ ወይ ይታገላል፣ ወይ ደግሞ ድርቅ ይላል፤ ድርቅ ማለት መፍቀድ አይደለም። ገላሽን ደጋግመሽ መታጠብሽ፣ እንቅልፍ ማጣትሽ፣ በር ሲዘጋ መደንገጥሽ የዕብደት ምልክት አይደለም፤ ቁስል ነው፣ ቁስል ደግሞ ሲታከም ይሽራል አለችኝ። ኃጢአትም አይደለም አለች፤ ኃጢአቱ የሠራው ሰው ነው። ይህን ስሰማ የለበስኩት የሰው ልብስ የተገፈፈልኝ ያህል ቀለለኝ። በየሳምንቱ ሐሙስ ነይና አውሪኝ አለችኝ፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተመላለስን። ሐኪሙንም አነጋግራ ወረቀት አጻፈችልኝ። አንተ ያንን ወረቀት ይዘህ ሁለት ጊዜ ካምፑ ድረስ ሄደህ መሰናበቻዬን አመጣህልኝ። ሻምበሉን አግኝተኸው እንደሆነ አልነገርከኝም። እሱ አልተቀጣም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ አያናድደኝም ብዬ አልዋሽህም።

ያ ጉልበትህ የመጣው እንግዲህ ያኔ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አምቦ የት ነው የምትሄዱት ሲሉህ፣ ጉልበቴን ፍልውሃ እየታጠብኩ ነው፣ ሌሊሴ እየደገፈችኝ ነው አልክ። ዕድሜ ልክህን ዋሽተህ የማታውቅ ሰው ስለሆንክ ውሸቱ አልሰምር አለህ። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ በግራ ታነክሳለህ፣ ስትወርድ በቀኝ። ሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት አመጣልህ፤ አንዷ የለጋ ቅቤ፣ አንዱ የጅብ ስብ። እማዬ የጅብ ስቡን ስትቀባህ ፊትህን ያኮማተርክበትን እያስታወስኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ጸሎት ቤት እንኳ ለጉልበትህ ተጸለየ፤ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ አሜን አልክ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንት ሙሉ ከማንም ጋር አላወራህም። እኔ ውስጥ ገብቼ ሳወራ አንተ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር። አንድ ጊዜ ዝናብ መጣ፤ ከመስኮቱ ሳይህ ቦታህን አለቀቅክም። ከዚያ ብነሳ ወጥታ ታጣኛለች ብለህ ነው።

አባዬ፣ ለዚህ ሁሉ አመስግኜህ አውቃለሁ፤ ስትታመም አልጋህ አጠገብ ሆኜ ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህ ነገር ያኔ እኔም የማላውቀው ነው።

ከሠርጉ መቅረት በኋላ ለሽምግልና መጠራትህ ቀረ። እኔ ዕድሜህ ገፍቶ፣ ሰው ሰልችቶህ ቤት መዋል የወደድክ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ሰነፍክ ብዬ ቀልጄብሃለሁ፤ አንተም አዎ ሰነፍኩ አልከኝ። የተጣላ የምታስታርቅ፣ ድንበር የምትለይ፣ ለሠርግ የምትለመን ሰው ነበርክ። ቃለ አባይ የተባለን ሰው ግን ማን ሽማግሌ ያደርገዋል? በጸሎት ቤቱም ከሽማግሌነት እንዳወረዱህ የሰማሁት አንተ ከሞትክ በኋላ ነው። ጠይቀውህ ነበር አሉ፤ ምክንያት ካለህ ተናገርና እንተውህ ብለውህ ነበር። አንድ ቃል ብትተነፍስ ስምህ ይመለስ ነበር። ስድስት ዓመት ዝም አልክ።

በቀብርህ ዕለት ኦቦ ቶለሳ መጡ። ሰው ሁሉ ስለ አንተ ሲናገር እሳቸውም ተራ ደርሷቸው፣ «ጥሩ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የሳተው» አሉ። ለክፋት አልነበረም፤ እንባቸው ይወርድ ነበር። እኔ ያን ስሰማ የመቃብሩ አፈር በእኔ ላይ የሚመለስ መሰለኝ። ሳተ የሚሉህ ከቀኖችህ ሁሉ የበለጠውን ቀን ነው። ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። አልተነሳሁም፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ይህን ፍርሃት ይዤ ኖርኩ።

አሁን ምን ተገኘና እንዳትለኝ፤ ወታደሮቹ ያለፉ ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን እማዬ ጓዳ ገብታ አንዲት ሴት አለች፣ ውሃ አልጠጣም ብላለች አለችኝ። ወጣሁ። የደንብ ልብስ የለበሰች፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ልጅ በራችን ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ጉልበቷን አቅፋ፣ መንገዱን ሳይሆን የሰዎቹን እጅ ነበር የምታየው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። አጠገቧ ሳልደርስ መሬት ላይ ተቀመጥኩና፣ እኔም ጦር ቤት ታይፒስት ነበርኩ ብዬ የደረሰብኝን ነገርኳት። እሷም ውሃውን ጠጣች። ሦስት ቀን እኛ ዘንድ ቆየች። ከዚያ ሲስተር ብዙነሽ ዘንድ አደረስኳት፤ አሁን ካቺሲ እናቷ ቤት ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ባይሆንም መንገዱ ሲመቻት ትመጣለች።

እሷን ሸኝቼ ስመለስ ራሴን ታዘብኩት። ስሟን ለማላውቃት ልጅ በአንድ ቀን የነገርኩትን፣ ለአባቴ ወዳጅ ስንት ዓመት ደበቅኩ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት በዚያ ዕለት ነው። ኦቦ ቶለሳ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው እጃቸው ላይ አስቀምጬ መሄድ አልችልም፤ ራሴ በአፌ ላነብላቸው ነው።

እስከዚህ ድረስ ጽፌ አራት ቀን አስቀመጥኩት። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አነበብኩላቸው።

ሁለት ቦታ ላይ ማንበቤን አቆምኩ፤ ጠበቁኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ከዚያ፣ «ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ እንዴት ለእኔ እንኳ አልነገረኝም?» አሉ። እርስዎን ባለማመን አይደለም፣ ነገሩ የእኔ ስለነበረ ነው አልኳቸው። ኦቦ ቶለሳ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሲገልጡት፣ መቃብሩ ላይ ሰው በተሰበሰበበት ሳተ ብያለሁ፣ የምመልሰውም ሰው በተሰበሰበበት ነው አሉኝ። ምን ያህሉን ልናገር ብለውም ጠየቁኝ። የአባቴን እርስዎ ይናገሩ፣ የእኔን እኔ እናገራለሁ አልኳቸው።

እሑድ ነው፤ ከጸሎት በኋላ። እረሳሃለሁ ብለህ እንደማታስብ አውቃለሁ፤ እኔ የምገባልህ ቃል ግን ሌላ ነው። አንተን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ እንደ ነበርክ እንዲያስታውስህ አደርጋለሁ። እሑድ ኦቦ ቶለሳ ስምህን ሲጠሩ፣ ሰው ሁሉ ልጁ የት ናት ብሎ ዞር ሲል፣ እኔ ቆሜ ያገኘኛል።

ልጅህ
ሌሊሴ